መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ምንድን ነው?

«ይሄ አንቲባዮቲክ አይሠራልኝም፣ ሰውነቴ ለምዶታል» የሚል ሰው አይጠፋም። የሰውነቱ ነገር አይደለም። መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያው ነው። እሱም ቢሆን «ተላመደ» መባሉ ብዙም አይዋጥልኝም። ሰው በርበሬ እንደሚለምደው፣ አንድ ባክቴሪያ ቀስ በቀስ መድኃኒት አይለምድም።

የቲቢ ባክቴሪያ ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በተከፈለ ቁጥር 4.4 ሚሊዮን ያህል ፊደል ያለውን ዲኤንኤውን እንደ ብራና ጸሐፊ መገልበጥ አለበት። ጸሐፊ ደግሞ ግድፈት አያጣውም። ሚውቴሽን የሚባለው ይኸው ግድፈት ነው። አብዛኛው ምንም አይለውጥም፣ ወይም ራሱን ባክቴሪያውን ይጎዳል። አንዳንዱ ግን ይሰምርለታል።

የቲቢ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲንን እንውሰድ። ሽንትን ብርቱካናማ አድርጎ ታካሚውን በመጀመሪያው ቀን የሚያስደነግጠው መድኃኒት ነው። ባክቴሪያው ዲኤንኤውን የሚያነብበት ኢንዛይም ላይ ተሰክቶ ሥራውን ያስቆማል። የዚህ ኢንዛይም አንዱ ክፍል የሚሠራው አርፒኦቢ በሚባል ጂን ትእዛዝ ነው። በጂኑ ውስጥ 81 ፊደል ብቻ ያላት ቦታ አለች። ሪፋምፒሲንን ከሚቋቋሙት የቲቢ ባክቴሪያዎች 95 በመቶ ያህሉ ግድፈታቸው እዚያች ቦታ ላይ ነው። በብዛት የሚታየው ቲሲጂ የነበሩት ሦስት ፊደላት ቲቲጂ ሲሆኑ ነው። አንዲት ፊደል! በእሷ ምክንያት ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ (ኢንዛይሙ ከተገነባባቸው ጡቦች አንዱ) ሉሲን በተባለ ሌላ ይተካል፣ መድኃኒቱ የሚሰካበት ቦታም ቅርጹ ይበላሻል። ኢንዛይሙ ግን ሥራውን ይቀጥላል።

ግድፈቱን መድኃኒቱ አያመጣውም፤ ቀድሞም አለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1952 ሳይንቲስቶቹ ባልና ሚስት ጆሹዋ እና አስቴር ሌደርበርግ በከፋይ ጨርቅ አሳይተዋል። ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን እንደ ማኅተም ጨርቁ ላይ ተጫኑት፤ ከጨርቁ ላይ ደግሞ ስትረፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ወዳለባቸው ሳህኖች አተሙት። የሚቋቋሙት በየሳህኑ እዚያው ቦታ ላይ በቀሉ። ወደ መጀመሪያው ሳህን ተመልሰው ከዚያው ቦታ እየቆነጠሩ ደጋግመው ሲያራቡ፣ መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ ተቋቋሚ ዘር አገኙ። በከፋይ ጨርቅ እንዲህ ያለ ነገር መታወቁ ሁሌም ይገርመኛል።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ድርሻ ማበጠር ነው። ሳንባ ውስጥ በቲቢ የተቦረቦረ ጉድጓድ መቶ ሚሊዮን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው በግምት ከመቶ ሚሊዮኑ አንዱ፣ አይሶናያዚድ የተባለውን ሌላ የቲቢ መድኃኒት የሚቋቋመው ደግሞ ከሚሊዮን አንዱ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን ከተሰጠ ሌላው ያልቃል፤ ያ አንዱ ሜዳው ለብቻው ይቀርለትና ይራባል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 በታተመው የእንግሊዝ ሙከራ ስትረፕቶማይሲን ብቻ የተሰጣቸው ብዙ ታካሚዎች መጀመሪያ ተሽሏቸው በኋላ ያገረሸባቸው በዚህ ነው። ሪፋምፒሲንንና አይሶናያዚድን አንድ ላይ ለመቋቋም ግን ሁለቱም ግድፈት አንዱ ባክቴሪያ ላይ መገጣጠም አለበት። ዕድሉ ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። ሕክምናው በአራት መድኃኒት የሚጀመረው ለዚሁ ነው። «ተሽሎኛል» ቢሉም ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር እንዲወስዱ የሚነገረው ደግሞ ቶሎ የማይሞቱት ባክቴሪያዎች ተርፈው በሽታው እንዳያገረሽ ነው።

ጤና ጣቢያ አክታ ሰጥተው «በጂን ኤክስፐርት ይታያል» ተብለው ከሆነ፣ ማሽኑ የሚፈትሸው እነዚያኑ 81 ፊደላት ነው። ድሮ ባክቴሪያው ላብራቶሪ ውስጥ እስኪያድግ ሳምንታት ይጠበቅ ነበር፤ ማሽኑ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል።