የትምህርት ክሬዲት ምንድን ነው? ነፃ የኦንላይን ኮርስስ ይቆጠራል?

የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ የኦንላይን ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጅማ ውስጥም ሰርተፍኬቱን በስልኩ ይዞ የሚዞር ወጣት በዝቷል። ጥያቄውም አብሮ መጣ፦ «የፕሮግራሚንጉን ኮርስ ጨርሻለሁ፤ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ስገባ ያንን ኮርስ ያልፉልኛል?» አጭሩ መልስ «እንዲያው በሰርተፍኬቱ ብቻ አያልፉልህም» ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ክሬዲት የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ክሬዲት የሥራ መጠን ነው። ተማሪው ለአንድ ኮርስ የደከመው ድካም በቁጥር ይገለጻል፣ ሥራው ይመዘናል፣ ከዚያም ፈቃድ ያለው ተቋም «አዎ፣ ሠርቶታል» ብሎ ይፈርምበታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ክሬዲት የለም።

ቁጥሩ ሁለት ዓይነት ነው። ክሬዲት አወር የሚባለው የአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት በሴሚስተሩ በየሳምንቱ አንድ የክፍል ሰዓትና ሁለት ሰዓት ያህል የግል ጥናት ማለት ነው። ኢሲቲኤስ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የአንድ ዓመት ሥራ 60 ይሆንና እያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ይይዛል። ሌክቸሩም፣ ላብራቶሪውም፣ ንባቡም፣ ፈተናውም ተደምሮ ማለት ነው። እንግዲህ 5 ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይፈልጋል። በሁለት ቅዳሜና እሁድ የሚያልቅ የ20 ሰዓት የኦንላይን ኮርስ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አንድ ኢሲቲኤስ እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው «ኦንላይን ስለሆነ ናቁት» ይላል፤ እኔ እስከማየው ድረስ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ሰዓቱ ነው።

ከክፍል ውጭ መማር ችግር ቢሆን ኖሮማ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲቢቲፒ፣ ተማሪዎች ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብተው የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም፣ ባልኖረ ነበር። ከተማው ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ ያላየ የጅማ ነዋሪ አለ ቢባል አላምንም። እነዚያ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ አልተቀመጡም፤ ግን ክሬዲት ያገኙበታል። የሚከታተላቸው መምህር አለ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ፣ ቀርበው ያስረዳሉ፣ ግሬድ ይሰጣቸዋል። ተማሪው የት ሆኖ ተማረ ከሚለው ይልቅ ማን መዘነው የሚለው ይበልጣል።

ነፃ ኮርሶች የሚሰናከሉትም እዚሁ ላይ ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የኮርስ ማስተማሪያዎቹን ለዓለም በነፃ እንደሚከፍት በ2001 እ.ኤ.አ. ሲያስታውቅ ክሬዲት እንደማይሰጥበት አብሮ ተናግሯል። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርሳቸውን በነፃ ሲከፍቱ ወደ 160,000 ሰው ተመዘገበ፤ የጨረሱት ግን የስታንፎርድ ክሬዲት አላገኙም። በማግስቱ ዓመት የኦንላይን ኮርስ የሚያቀርቡት ኮርሴራና ኢዲኤክስ ተመሠረቱ። ቪዲዮ አንዴ ከተቀረጸ ለአንድ ሰውም ለሚሊዮንም ወጪው ያው ነው። የተፈታኙን ማንነት ማረጋገጥና ወረቀቱን ማረም ግን በነፍስ ወከፍ ወጪ አለው። ስለዚህ ትምህርቱ ነፃ ሆኖ ፈተናው የሚያስከፍልበት አሠራር ተለመደ።

ነፃ ትምህርቱንና ክሬዲቱን ለማገናኘት የተሞከሩ መንገዶች አሉ። ከሁሉ የሚማርከኝ ስዋያም የሚባለው የህንድ መንግሥት የኦንላይን ትምህርት መድረክ ነው። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ሰርተፍኬት የሚፈልግ የፈተና ክፍያ ከፍሎ ማዕከል ድረስ ሄዶ ይፈተናል። የዩኒቨርሲቲዎቹ ተቆጣጣሪ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ አንድ ተማሪ በሴሚስተሩ ከሚሰጡት ኮርሶች እስከ 20 በመቶውን በዚህ መንገድ እንዲወስድ ፈቀደ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 40 በመቶ ከፍ አደረገው። መንግሥት ገብቶ የተቀባዩን በር ስለከፈተው ነው የሠራው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል፣ ደግሞ ለማስተማሩ አያስከፍልም፤ ለእያንዳንዱ ኮርስ ምዘና ግን ይከፈላል። የአሜሪካው ሴይለር አካዳሚ ነፃ ኮርሶች አሉት፤ ከእነሱ ውስጥ ለአንዳንዶቹ «ክሬዲት ይገባዋል» የሚል የውጭ ገምጋሚ ምክረ ሐሳብ አላቸው። ምክረ ሐሳብ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ የሚቀበለው ኮሌጅ ይቀበላል፣ የማይቀበለው አይቀበልም።

ጅማ ሆኖ ይህን የሚያስብ ሰው ኮርሱን ከመጀመሩ በፊት ዲፓርትመንት ኃላፊውን ያናግር፤ ጨርሶ ሰርተፍኬት ይዞ መቅረብ ለክርክር ይዳርጋል። ኤግዘምፕሽን (ኮርሱን ሳይወስዱ እንዲያልፉ መፍቀድ) ለመስጠት በተለምዶ የሚጠየቀው የኮርስ አውትላይን፣ የሚያልፍ ግሬድና ከሰጪው ተቋም በቀጥታ ለሬጅስትራር የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ትራንስክሪፕት የማይልክ ኮርስ ለዕውቀት ይወሰድ እንጂ ለክሬዲት ተስፋ አይጣልበት። ሙሉ ዲግሪ በኦንላይን ከውጭ ተቋም ለመጀመር የሚያስብ ደግሞ የውጭ ማስረጃን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እዚያ ይጠይቅ።

የሚረሳ ሌላ ነገርም አለ። «ነፃ» የተባለው ኮርስ ፈተናው ጥቂት ዶላር ብቻ ቢሆንም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው፤ ያ ካርድ በእጁ ያለው ስንቱ ነው? በካሜራ የሚጠበቅ ፈተና ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔቱ መሐል ላይ እንዳይቋረጥ፣ መብራቱም እንዳይጠፋ ያስፈልጋል። ቀጠሮ ከመያዝ በፊት ግንኙነቱ ቢቋረጥ ፈተናው እንደገና ይሰጥ እንደሆነ፣ ክፍያውም ይመለስ እንደሆነ ደንቡን አንብቡ።