ለፕሬዚዳንትነት አልወዳደርም ማለት ምንድን ነው?

«ፈርቷል። በቃ፣ ፈርቷል!»

አንድ የውጭ አገር ፖለቲከኛ ለፕሬዚዳንትነት አልወዳደርም ባለ ቁጥር ይህን ትንታኔ እሰማለሁ። ሬዲዮ ላይ አለ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዘው የተቀመጡት ጋ አለ። በርጫ ላይማ ምርቃናው ሲመጣ ሌላ ትንታኔ የለም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጃችን፣ ስሙን አልጠራም፣ ማይክ ተሰጥቶት «ያልተወዳደረ የተሸነፈ ነው» ሲል ቆየ። ኧረ አቦ፣ ተው!

የማስተምረው የምርጫ ስርዓቶችን ነው። ምርጫ ምን እንደሆነ፣ ፕሬዚዳንት ምን እንደሚሰራ እዚህ አልተነትንም፤ ታውቁታላችሁ። የሚያንገበግበኝ ነገር አንድ ነው፤ አለመወዳደርን ሁሉ ወኔ ማጣት አድርጎ መቁጠር። አለመወዳደር ሂሳብ ተሰርቶበት የሚደረስበት ውሳኔ ነው። ሂሳቡም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ብሸነፍስ?» ከሚለው አይደለም። «ባሸንፍስ?» ከሚለው ነው።

ዣክ ደሎርን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ነበር። የፈረንሳይ ሶሻሊስቶች «ና፣ ግባ» እያሉ ይለምኑታል። የህዝብ አስተያየት ጥናቶች ከፊት አስቀምጠውታል። ዲሴምበር 11፣ እሁድ ማታ፣ አገር ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ሲጠብቅ ቀረበና አልወዳደርም አለ። ዕድሜው 70 ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዋናው ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ቢያሸንፍ እንኳ ያሰበውን ለውጥ የሚያሳልፍለት የምክር ቤት አብላጫ አይኖረኝም ብሎ አመነ። ይህ የሩቅ ስጋት አልነበረም። በዚያው ሰዓት ፕሬዚዳንቱ ሚተራን የራሱ የደሎር ፓርቲ ሰው ነው፤ ምክር ቤቱ ግን በተቃራኒው ጎራ እጅ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባላዱርም የዚያው ጎራ ሰው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ሲሆን የዕለት ተዕለቱን አገር የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ደሎር ይህን እያየ ነው «ቤተ መንግስት ገብቼ ምን ልሰራ?» ያለው። እንግዲህ ጥናት የሚመራን ሰው ሽንፈት ፈራ ልትሉት ነው?

ኮሊን ፓወልም ያው ነው። ከባህረ ሰላጤው ጦርነት ወዲህ አሜሪካኖች የሚያከብሩት ጄኔራል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ሪፐብሊካኖች ፕሬዚዳንት ክሊንተንን የሚጥልልን እሱ ነው እያሉ ተከተሉት። ኖቬምበር 8 ላይ ወጥቶ፣ ለዚህ ስራ የሚያስፈልገው የውስጥ ፍላጎት ገና የለኝም አለ። ሚስቱ አልማ ደግሞ ይገድሉብኛል የሚል ስጋት ነበራት። እዚህ ጋ ወዳጃችን «ይኸው፣ ፍርሃት!» ሊለኝ ይችላል። ይሁን፤ ግን ጥይትን መፍራትና የምርጫ ሳጥንን መፍራት አንድ አይደለም። ደግሞም የሰውዬው ስራ ወታደርነት ነበር!

ወዳጃችን እውነት የሚኖረው ጊዜ እንዳለ አልክድም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2016 ፍራንሷ ኦላንድ ለሁለተኛ ዘመን አልወዳደርም ሲል ተወዳጅነቱ መሬት ነክቶ ነበር። በፈረንሳይ አምስተኛው ሪፐብሊክ በስልጣን ላይ እያለ ለድጋሚ ምርጫ አልቀርብም ያለ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ነው። ቢቀርብ እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር፤ ህዝቡም ያውቅ ነበር። እኔ የምለው፣ የኦላንድን ልብስ ለሁሉም አታልብሱ ነው።

ለእኛ አካባቢ ሰው ነገሩን በጫት ላስረዳ።

አወዳይ ላይ ነጋዴው ጠዋት ጫቱ ፊቱ ተከምሮ ቆሟል። አይሱዙው በር ላይ ነው፤ ሾፌሩ ሞተር አላጠፋም። ነጋዴው ግን ስልኩን አልለቀቀም። መንገዱ ክፍት ነው? ገበያው ላይ ዛሬ ስንት ገባ? ከእኔ በፊት ስንት መኪና ጭኗል? የሚረከበኝ ሰው ገንዘብ ይዟል? መልሱ ካልጣመው አይጭንም። ይህን ሰው «ፈራ» የሚለው የለም፤ እንዲያውም «ነቄ ነው» ይባላል። የተመረቀነው ተንታኝ አፉ ውስጥ ያለው ጫት የመጣው በዚሁ ሂሳብ ነው፤ ለፖለቲከኛው ሲሆን ግን ሂሳቡ ይጠፋዋል።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። ጫት ነገ የለውም፤ ካደረ ገራባ ነው። ዕጩነትም እንዲህ የሚያልፍ ሰዓት አለው። አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ የሚያሰባስቡ፣ በየክፍለ ግዛቱ ሰው የሚያደራጁ ሁነኛ ሰዎች ውስን ናቸው። ቀድሞ የጫነ እነሱን ይዞ ይሄዳል። ያኔ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. በ2015 የገጠመው ይኸው ነው። ልጁ ቦ የሞተው ሜይ 30 ነው። አባት ሀዘን ላይ ሆኖ ወራት አለፉ፤ ሂላሪ ክሊንተን ግን ከኤፕሪል ጀምሮ መንገድ ላይ ነበረች። ኦክቶበር 21 ላይ ባይደን ከኦባማ ጎን ቆሞ ጊዜው አልፎብኛል አለ።

ገበያው የሞተ የሚመስልበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ፣ ኩዌት ነጻ ከወጣች በኋላ፣ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (የአባትየው) የድጋፍ መጠን 89 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዴሞክራቶቹ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ቤታቸው ተቀመጡ። አል ጎር አልገባም። የኒውዮርኩ ገዥ ማሪዮ ኩኦሞ ሲያወላውል ከረመና የመጀመሪያው የፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚካሄድባት የኒው ሃምፕሻየር መመዝገቢያ የሚዘጋበት ዲሴምበር 20 ደረሰ። በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ አልባኒ የተከራየ አውሮፕላን ቆሞ እየጠበቀው ነው። የምዝገባው ክፍያ 1 ሺህ ዶላር ነው፤ ለእሱ ምንም አይደለም። ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ኩኦሞ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ወደ ጋዜጠኞቹ ሄደና የክፍለ ግዛቴ በጀት አልጸደቀም፣ ጥዬው አልሄድም አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው የአርካንሳሱ ገዥ ቢል ክሊንተን ግን ጭኖ ነበር። በዓመቱ ኢኮኖሚው ተንገዳገደ፣ ገበያው ተገለበጠ፣ ቡሽ ወደቀ። አልገባም ያለው ጎርም በምክትልነት ተሳፍሮ አብሮ ገባ።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ማነከስ ይጀምራል። ያደረ ጫት አይታደስም፤ ፖለቲከኛ ግን አንዳንዴ ይታደሳል። በ2015 ጊዜው ያለፈበት ባይደን በ2020 አሸንፏል። ስለዚህ በጫት አትጨቅጭቁኝ።

ወዳጃችን ጭራሽ ያልነካው ጉዳይ ወንበር ነው። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው ብዙ ጊዜ የያዘው ስራ አለ። ጥያቄው ያንን ይለቃል ወይ ነው። የአሜሪካ ሴናተር የስራ ዘመኑ 6 ዓመት ነው። የእሱ ወንበር ለምርጫ በማይቀርብበት ዓመት ከተወዳደረ ቢሸነፍም ወደ ወንበሩ ይመለሳል። የታችኛው ምክር ቤት አባል ግን በየ2 ዓመቱ ይመረጣል፤ የእሱ ምርጫ ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ጋር አንድ ቀን ላይ ይወድቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የቴክሳስ ህግ አውጪዎች ለሊንደን ጆንሰን ሲሉ ህጉን አሻሽለውለት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በአንድ ቀን ለሴኔትም ለምክትል ፕሬዚዳንትነትም ተወዳድሮ ሁለቱንም አሸንፏል። ፍሎሪዳ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ምርጫ ለሁለት ወንበር እንዲቀርብ አትፈቅድም። እንግዲህ ከሁለት ክፍለ ግዛት የመጡ እኩል ደፋር ሴናተሮች የተለያየ ውሳኔ ቢወስኑ ልዩነቱን ልባቸው ውስጥ ሳይሆን የምርጫ ህጋቸው ውስጥ ፈልጉት።

ጆንሰንን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ «ፈራ» በብዛት የሚጠቀሰው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1968፣ ፕሬዚዳንት ሳለ፣ ስለ ቬትናም ጦርነት በቴሌቪዥን ሲናገር ቆይቶ መጨረሻ ላይ የፓርቲዬን ዕጩነት አልጠይቅም፣ ቢሰጠኝም አልቀበልም አለ። ተንታኞች ወዲያው ኒው ሃምፕሻየርን ይጠቅሳሉ። እዚያ የፓርቲው ተቀናቃኝ ዩጂን ማካርቲ 42 በመቶ ገደማ አግኝቶ አስደንግጦታል። ግን ልብ በሉ፤ ጆንሰን እዚያ አንደኛ ነበር የወጣው፤ ያውም ስሙ ድምጽ መስጫው ላይ ሳይኖር፣ ሰዎች በእጃቸው ጽፈውለት። ጦርነቱ አስጨንቆታል፣ ሮበርት ኬኔዲ ገብቶበታል፣ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሌላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ከባድ የልብ ህመም ጥሎት ነበር፤ የቤተሰቤ ወንዶች ዕድሜ የላቸውም ብሎም ያምን ነበር። ቢወዳደርና ቢያሸንፍ ዘመኑ የሚያበቃው ጃንዋሪ 20 ቀን 1973 ነበር። ጆንሰን የሞተው ጃንዋሪ 22 ቀን 1973 ነው፤ ልቡ ቆሞ።

አሁን የሙያ ጣጣ ላምጣ፤ ሳልጠየቅ። እስካሁን የጠራኋቸው ሁሉ በአደባባይ ወጥተው አልወዳደርም ያሉ ናቸው። አስበውት፣ ከሚስታቸው ጋር ተማክረው፣ ዝም ብለው የተዉት አይቆጠሩም። ስለዚህ «አብዛኛው ፖለቲከኛ የማይወዳደረው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ሰው ከሰማችሁ፣ ማንን ቆጥረህ ነው በሉት። ሰውዬው በአደባባይ የሚሰጠው ምክንያትና እውነተኛው ምክንያትም ሁልጊዜ አይገጥሙም። «ቤተሰቤ» የምትለዋ ብዙ ነገር ትሸፍናለች፤ አንዳንዴም እውነት ናት።

ደግሞ አለመወዳደርን ከሌሎች ሁለት ነገሮች ጋር አታደባልቁ። አንደኛው መውጣት ነው። ባይደን እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2024 ያደረገው ይህን ነው፤ ተወዳድሮ፣ የፓርቲውን ቅድመ ምርጫ አሸንፎ፣ ከዚያ ወጣ። ሁለተኛው ምርጫን አልሳተፍም ብሎ ማደም ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የባቡሩን ሃዲድ ይዛችሁ ውረዱ። ጅቡቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ፕሬዚዳንቱ ኢስማኢል ኦማር ጌሌ ብቻውን ነበር የቀረበው። የፕሬዚዳንቱ የስልጣን ዘመን ገደብ በ2010 ተነሳ፤ በ2011 ምርጫም ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልገቡም። የእነሱ አለመግባት በምርጫው ላይ የቀረበ ክስ ነው። የደሎር አለመግባት እንደዚያ አልነበረም፤ እሱ ምርጫውን አልከሰሰም።

ቃሉም ቢሆን የመጨረሻ አይደለም። የአይቮሪኮስቱ ፕሬዚዳንት አላሳን ዋታራ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 አልወዳደርም አለ። ጁላይ ላይ ፓርቲው በምትኩ ያጨው ጠቅላይ ሚኒስትር አማዱ ጎን ኩሊባሊ ሞተ። ኦገስት ላይ ዋታራ ተመለሰ፤ ኦክቶበር ላይ አሸነፈ። በማርች የፈራ ሰው በኦገስት ከየት ደፈረ?

ወደ ቤታችን ስንመጣ ጥያቄው ራሱ ይበላሻል። ሻይ ቤት «እከሌ ለምን ለፕሬዚዳንትነት አልተወዳደረም?» ሲባል እሰማለሁ። በህገ መንግስታችን አንቀጽ 70 የአገሪቱን ፕሬዚዳንት የሚያጨው የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ነው። ቅስቀሳ የለም፣ ፖስተር የለም። የሐረሪ ክልል ፕሬዚዳንትም ሆነ የድሬዳዋ ከንቲባ የሚሰየሙት በምክር ቤት ነው እንጂ እኔና እናንተ ተሰልፈን በቀጥታ አንመርጣቸውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ያጨው አካል ነው።

ዋጋውን አውቆ መግባትን የሚያሳይ ሰው ከራሳችን ከተፈለገ ግን የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አሉ። ከፕሬዚዳንትነት የወረደ ሰው ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን ያጣል የሚል ህግ ነበር። እሳቸው በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። ጥቅማ ጥቅሙ ተቋረጠባቸው።