«ጓንት አድርጌያለሁ፣ ምን ያሰጋኛል?» በጎ ፈቃደኞች ሆስፒታል ይዘዋቸው የሚገቡ የተሳሳቱ አመለካከቶች

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ባለ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ሕመም ተለየ፤ ቆየት ብሎ ሚሊኒየም አዳራሽም አልጋ ተደርድሮበት ማከሚያ ሆነ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ በየሆስፒታሉ በር ሙቀት የሚለካ፣ ወረፋ የሚያስይዝ፣ አስታማሚ የሚያረጋጋ፣ ምግብ የሚያመላልስ ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚመጣው ፈቃደኛ ብዙውን ጊዜ የጤና ባለሙያ አይደለም፤ ከሰፈር የሰማውን ይዞ ነው የሚገባው። ከዚህ በታች ያሉት እሱ የሰማቸው ናቸው። ነገ የሚመጣው በሽታ ኮቪድ ባይሆንም፣ በመተንፈሻ አካል የሚተላለፍ እስከሆነ ድረስ አብዛኛው ይሠራል።

«ጓንት ካደረግኩ እጄ ንጹሕ ነው»

ንጹሕ የሚሆነው ከጓንቱ ሥር ያለው ቆዳ ነው፤ እሱም ቢሆን እርግጠኛ አይደለም። የታማሚውን አልጋ የነካ ጓንት ቀጥሎ የበሩን እጀታ፣ ስልኩን፣ የመዝገቡን እስክሪብቶ ይነካል። ባዶ እጅ ሲቆሽሽ ይሰማናል፣ እንታጠባለን። ጓንት ግን ይህን ስሜት ያጠፋዋል፤ ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ አንድ ጓንት አድርጎ የሚውል ሰው ጓንት ከሌለው የበለጠ በሽታ ሊያዛምት የሚችለው።

በር ላይ የሚቆም፣ ስም የሚመዘግብ፣ መንገድ የሚያሳይ በጎ ፈቃደኛ ጓንት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ደም፣ ትውከት፣ አክታ፣ ያገለገለ አንሶላ ወይም ቆሻሻ ለሚነካ ነው። በበረኪና ለሚያጸዳ ደግሞ ስስ የምርመራ ጓንት ሳይሆን ወፍራም የጎማ ጓንት። አንድ ጓንት ለአንድ ሰው ነው፤ በሳኒታይዘር እያሹ ወደሚቀጥለው መሄድ አይቻልም፣ አልኮሉ ጓንቱን ያሳሳዋልና።

ሲወልቅ የአንዱን ጓንት ውጭ አንጓ አካባቢ ቆንጥጦ ገልብጦ ማውጣት፣ በጓንታሙ እጅ ጨብጦ መያዝ፣ ከዚያ የባዶውን እጅ ጣት በሁለተኛው ጓንት ውስጥ አስገብቶ የመጀመሪያውን እንደጠቀለለ መገልበጥ። ከዚያ እጅ መታጠብ ግድ ነው። በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ማሻሻ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ማሻሻው መዳፍን የሚሞላ መሆን አለበት፤ ሁለት ጠብታ አፍስሶ እጅን ማፍተግ ዋጋ የለውም። ሁልጊዜ የሚዘለሉት አውራ ጣት፣ የጣት ጫፍና የጣቶች መሐል ናቸው። ቀለበትና ረጅም ጥፍርም እጅ ያልታጠበ ያህል ያደርጋሉ።

«36.5 ነው፣ ይግባ»

የሙቀት መለኪያው የሚነግራችሁ ግንባሩ አሁን ምን ያህል እንደሚሞቅ ነው። ኮቪድ የያዘው ሰው ምልክት ሳይታይበት አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ምንም ትኩሳት ሳይኖረው የሚያልፍም አለ። ከመምጣቱ በፊት ፓራሲታሞል የዋጠ ሰው መለኪያውን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄው ከመለኪያው ይበልጣል፦ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጉሮሮ ሕመም አለ? ጣዕምና ሽታ ጠፍቶብዎታል? የታመመ ሰው ጋር ነበሩ? ማስታገሻስ ወስደዋል?

ንባቡም በቀላሉ ይሳሳታል። በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ በእግሩ የመጣ ሰው 34 ሊያሳይ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ የቆመው ደግሞ ያለ ትኩሳቱ 38። ጥላ ሥር ጥቂት ደቂቃ አሳርፎ፣ ላብን አስጠርጎ፣ ሻሽ ወይም ኮፍያን ከፍ አስደርጎ፣ መሣሪያው ላይ በተጻፈው ርቀት (ብዙዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይላሉ) እንደገና መለካት ነው። መለኪያው አንጎል ይጎዳል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀት ይቀበላል እንጂ ጨረር ወደ ጭንቅላት አይልክም።

«መስኮቱን ዝጉ፣ ብርድ ይመታዋል»

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ የሚናገረው ክፉ ሰው ሳይሆን አስታማሚ እናት ናትና። በታክሲም፣ በቤትም፣ በለቅሶ ድንኳንም ንፋስ የምንፈራ ሰዎች ነን።

በመተንፈሻ የሚተላለፍ ቫይረስ ግን ከንፋስ አይመጣም፤ ከሌላ ሰው ሳንባ ይወጣል። ስንናገር፣ ስንስል፣ ስንተነፍስ የሚወጡት ትላልቅ ፍንጣቂዎች በቅርብ ይወድቃሉ። ደቃቆቹ ግን እንደ እጣን ጢስ አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የተዘጋ ክፍል ውስጥ እጣን ቢጨስ ሁለት እርምጃ ርቆ የተቀመጠም ይሸተዋል፤ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» የሚለው ምክር ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ለኮቪድ የተከፈተ መስኮት ለቲቢም ያገለግላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በተፈጥሮ አየር ለሚናፈስ ተራ የሕሙማን ክፍል ለአንድ ታማሚ በሰከንድ 60 ሊትር አየር እንዲገባ ይመክራል። ይህን በጎ ፈቃደኛ አይለካውም፤ ማድረግ የሚችለው ትይዩ ያሉ ሁለት ክፍተቶችን መክፈት ነው። አንድ መስኮት ብቻውን አየሩን ብዙም አያንቀሳቅሰውም፤ ፊት ለፊቱ ሌላ መስኮት ወይም በር ሲከፈት ግን አየሩ ያልፋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፦ የለይቶ ማከሚያ ክፍል በር ወደ ኮሪደር ተከፍቶ ከቀረ የታማሚውን አየር ተራ ሰው ላይ ታፈሱታላችሁ። የዚያ በር ይዘጋል፣ የውጭ መስኮቱ ይከፈታል። ማራገቢያም ከታማሚው ወደ ሠራተኛው እንዳይነፍስ አድርጉ።

ከአስታማሚዋ ጋር ግን ክርክር አያስፈልግም። ተጨማሪ ብርድ ልብስ አምጡ፣ አልጋውን ከመስኮቱ ሥር ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ፤ መስኮቱ ይከፈታል።

«ማስክ ደርቤያለሁ»

ቁም ነገሩ የንብርብሩ ብዛት ሳይሆን ጠርዙ ነው። ኤን95 የተባለው ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ማስክ ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆነውን ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው አየሩ በጨርቁ ካለፈ ብቻ ነው፤ በጎን ከሾለከ ስሙ ብቻ ይቀራል። ከሥሩ ሌላ ማስክ ማድረግ ያንኑ ግጥሚያ ያበላሸዋል። ጺምም እንዲሁ። የላይኛው ላስቲክ ከጭንቅላት ኋላ ከፍ ብሎ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች አንገት ላይ ይውላል፤ የአፍንጫው ሽቦ በሁለት እጅ ጣቶች ይጫናል። ከዚያ በሁለት መዳፍ ሸፍኖ በኃይል መተንፈስ ነው፤ አየር ዓይን ላይ ወይም ጉንጭ ላይ ከተሰማ አልገጠመም።

ለታማሚ የመተንፈሻ ቱቦ ለሚገባበት ወይም አክታ በመሣሪያ ለሚሳብበት ክፍል ኤን95 ያስፈልጋል፤ በጎ ፈቃደኛ ግን መጀመሪያውኑ እዚያ መግባት የለበትም። ቫልቭ ያለው ማስክ የምትተነፍሱትን ሳያጣራ ስለሚያወጣው ለሆስፒታል አይሆንም። አገጭ ላይ የወረደ ማስክ ደግሞ አንገት የነካውን ይዞ ወደ አፍ ይመለሳል። እርጥብ ከሆነ ቀይሩት።

«በረኪና ሲበዛ ይገድላል»

ሲበዛ የሚጎዳው አጽጂውን ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ ብረት ያዝጋል። ሲያንስ ደግሞ ውኃ ነው። ስለዚህ ልኩን ማወቅ ይሻላል፤ ልኩም በጠርሙሱ ላይ ካለው የክሎሪን መቶኛ ይነሳል። ለጠረጴዛ፣ ለአልጋ ሐዲድ፣ ለበር እጀታ 0.1 በመቶ፤ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ለፈሰሰበት 0.5 በመቶ ይበቃል።

5 በመቶ በረኪና ከሆነ ለ0.1 በመቶው አንድ እጅ በረኪና ለ49 እጅ ውኃ ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለ0.5 በመቶው አንድ ለዘጠኝ፣ ማለትም በ20 ሊትር ውስጥ 2 ሊትር። ጠርሙሱ 4 በመቶ የሚል ከሆነ ቁጥሮቹ 500 ሚሊ ሊትርና 2 ሊትር ተኩል ይሆናሉ። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በፕላስቲክ ዕቃ፣ መስኮት በተከፈተበት ቦታ ይበጠበጣል። ሰዓቱና ቀኑ ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል።

ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ቆሻሻው ሳይነሳ በረኪና ማፍሰስ ነው፤ ክሎሪኑ በቆሻሻው ላይ ያልቃል። መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ፣ ከዚያ በበረኪና፤ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች፤ ከዚያም ቶሎ ሳይወለወል ለደቂቃዎች እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ደረቅ ጥረጋ አቧራውን ስለሚያስነሳ ቀርቶ በእርጥብ መወልወያ ይሁን። ሁለተኛው ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ነው፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሰው ላይ መርጨትስ? ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ በሰውየው ውስጥ ያለውን ቫይረስ ግን አይነካውም።

«አደጋው ታማሚው አልጋ አጠገብ ነው»

አልጋው አጠገብ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። የሚላላው ሻይ ክፍል ውስጥ ነው፦ ማስክ ይወልቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ አንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ጉርሻም ይኖራል። ከባልደረባ መያዝ ከታማሚ እንደመያዝ ነው። በየተራ ብሉ፣ ከተቻለ በረንዳ ላይ፣ በየሳህናችሁ፤ ጉርሻው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ሌላው የሚላላበት ሰዓት የመከላከያ ልብስ ሲወልቅ ነው፤ ሰው ደክሞታል፣ ይቸኩላል። ቅደም ተከተሉ ጓንት፣ እጅ ማጽዳት፣ ጋውን ከውስጥ ወደ ውጭ እየጠቀለሉ፣ እጅ ማጽዳት፣ መነጽር ከኋላ በኩል፣ ማስክ በላስቲኩ፣ በመጨረሻም እጅ ማጽዳት። የማስኩ ፊት አይነካም። ነጠላና ረጅም ሻርፕ አልጋ ለአልጋ ስለሚጎተት ከመግባት በፊት ይቀመጥ፤ ስልክ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ።

«ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ አረቄ ይከላከላል»

አይከላከልም። አረቄ እጅ ላይ ቢፈስ እንኳ የእጅ ማሻሻ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ይፈልጋል፤ የቤት አረቄ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

«ተከትቤያለሁ»

በኢትዮጵያ የኮቪድ ክትባት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። ክትባቱ በጽኑ ከመታመምና ከሞት በብርቱ ይከላከላል፤ መያዝንና ማስተላለፍን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። የካንሰር ታማሚ አጠገብ የሚቆም የተከተበ ሰው ማስኩን አያወልቅም።

«መርፌ አልነካም፣ ስለዚህ አይወጋኝም»

መርፌ በአንሶላና በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ይገኛል። ከረጢት በእጅ አይጠቀጠቅም፣ ከሰውነት ጋር አይታቀፍም። ቢጫው ባልዲ ለበካይ ቆሻሻ፣ ጥቁሩ ለተራው፣ ስለት ያለው ለሴፍቲ ቦክስ (መርፌ ለማይበሳው ሣጥን)፤ ሴፍቲ ቦክሱ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸጋል። የተወጋ ሰው ቦታውን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያውኑ ያሳውቅ፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

«ትንሽ ጉንፋን ነው፤ ቃል ገብቼ አልቀርም»

ይሉኝታ ነው። ሌላው ሠራተኛ እንዳይቸገር ብሎ እየሳለ የሚመጣ ፈቃደኛ ዋርዱ ውስጥ ካሉት ሁሉ በላይ አደገኛ ነው፤ ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዞረው እሱ ነውና። ጉሮሮ ሲከረክር፣ ሲያተኩስ፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሲኖር፣ ለአስተባባሪው ከመነሣት በፊት መደወል። በተጋለጡ ማግስት የተደረገ ምርመራ ነጻ ቢል አትመኑት፤ ኮቪድ ምልክት እስኪያሳይ በአብዛኛው ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ይወስዳል። አስተባባሪውም በበኩሉ ለእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ ተጠባባቂ ሰው ካልያዘ፣ ይሉኝታውን የሚያባብሰው ራሱ ነው።