ቶማስን ከቤት ያላስወጡት ሐዋርያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዳግም ትንሣኤን ባከበርን ቁጥር ልብ የሚያሳዝን ነገር በየጉባኤው ይደጋገማል። አንድ ወጣት ተነሥቶ «የሞተ ሰው እንደማይነሣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሐዋርያቱ ምስክርነት ታዲያ በምን ይታመናል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ «አትመራመር፣ እንደ ቶማስ አትሁን» የሚል ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው እሑድ አይመጣም። ሰዎች ደግሞ «ቀድሞም እምነት አልነበረውም» ይላሉ።

ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን ቀስ ብለን እናንብብ። ቶማስ «የችንካሩን ምልክት በእጆቹ ካላየሁ፣ ጣቴንም በችንካሩ ምልክት ካላገባሁ፣ እጄንም በጎኑ ካላገባሁ አላምንም» አለ። ይህን የተናገረው ጌታን በዓይናቸው ላዩት ለወንድሞቹ ነው፤ ቃላቸውን አልቀበልም ማለቱ ነበር። እነርሱስ ምን አደረጉ? ቁጥር 26 ይነግረናል፦ ከስምንት ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱ በውስጥ ነበሩ፣ «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ»። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ ቶማስ ግን በውስጥ በኩል ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ያላመነ ሰው ካመኑት ጋር አደረ፣ በላ፣ ጸለየ። ጌታም በመጣ ጊዜ «ጣትህን ወዲህ አምጣ፣ እጅህንም በጎኔ አግባው» ብሎ የመለሰለት ቶማስ ራሱ በጠየቀው ቃል ነው። ጣት ላለው ጣት፣ ጎን ላለው ጎን። «ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ቆርጠን ይዘን የፊተኛውን እንተዋለን፤ ጌታ ያልተጠቀመበትን በትር ከአፉ ቃል እንሠራለን።

ጥያቄው የዛሬ የሞባይል ትውልድ ያመጣው የሚመስላቸው ካሉ፣ የ18ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ይመልከቱ። በካምብሪጅ የተማረው ቶማስ ዉልስተን ከ1727 ጀምሮ (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጌታ ተአምራት ላይ ተከታታይ ጽሑፎችን አወጣ። ተአምራቱ ምሳሌ እንጂ በእርግጥ የተፈጸሙ አይደሉም አለ፤ ትንሣኤንም ማታለል ነው እስከ ማለት ደረሰ። የተመለሰለት በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው መልስ የፍርድ ቤት ነው። በ1729 ሃይማኖትን በመስደብ ወንጀል ተከሶ በአራቱ ጽሑፎቹ ለእያንዳንዳቸው 25 ፓውንድ፣ በድምሩ 100 ፓውንድ መቀጮና የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከዚያም በላይ የመልካም ጠባይ ዋስትና እንዲያቀርብ ታዘዘ። ዋስትናው ስላልቀረበ ዓመቱ ቢያልፍም ነጻ አልወጣም፤ በ1733 ከፍርዱ ሳይፈታ ሞተ። ሳሙኤል ክላርክ፣ ራሱ የክርስትናን እምነት በጽሑፍ ሲከላከል የኖረ ሰው፣ ዉልስተን እንዲለቀቅ ደክሞ ነበር፤ አልተሳካለትም። ክላርክ የሐዋርያው ቶማስ ወንድሞች መንፈስ ነበረበት እላለሁ።

ሁለተኛው መልስ የብዕር ነው። ጳጳሱ ቶማስ ሸርሎክ በዚያው በ1729 ምስክሮቹን ራሳቸውን ችሎት ፊት ያቆመ መጽሐፍ ጻፈ። የሕግ ሰዎች ተሰብስበው አንዱ ለዉልስተን፣ ሌላው ለሐዋርያት ጠበቃ ይሆናሉ፤ ዳኛ ይሰየማል፤ የሐሰት ምስክርነት ክስ በሐዋርያት ላይ ይቀርባል። የተቃዋሚው ጠበቃ በሙሉ ኃይሉ እንዲከራከር ተፈቅዶለታል፤ የመጽሐፉ ክብር እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ሐዋርያት ከክሱ ነጻ ይባላሉ። የሸርሎክ ዋና ነጥብ ግልጽ ነው፦ አንድ ሰው መሞቱን ማየት የማንም ዓይን ሥራ ነው፤ አንድ ሰው በሕይወት መኖሩን ማየትም እንዲሁ። ሲበላ፣ ሲናገር፣ ሲዳሰስ ያዩትን ለመመስከር የተለየ ችሎታ አያስፈልግም። ሉቃስ 24 ላይ የተጠበሰው ዓሣ ቁራጭና የማሩ ወለላ የተጻፈው በከንቱ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ከሁሉ የከበደው ጠያቂ መጣ። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በ1748 ስለ ተአምራት ያሳተመው ክርክር እስከ ዛሬ ልጆቻችን ጆሮ ይደርሳል፤ ስሙን ሳያውቁት ይደግሙታል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ብልህ ሰው እምነቱን በማስረጃው ልክ ያደርጋል። የተፈጥሮ ሕግ በማያቋርጥ የሰው ልጅ ልምድ የጸና ነው። ተአምር የዚያ ሕግ መጣስ ነው። የምስክር ቃል ደግሞ እንደምናውቀው አንዳንዴ ይሳሳታል፣ አንዳንዴ ይዋሻል። ስለዚህ ተአምርን ለመቀበል የምስክሮቹ ቃል ሐሰት መሆኑ ከተአምሩ ከራሱ ይልቅ የሚያስደንቅ መሆን አለበት። ይህን ሰምቶ ያልተናወጠ አስተማሪ ክርክሩን አላዳመጠም ማለት ነው።

የዚህን ክርክር ስንጥቅ ያሳየው በ1767 የጻፈው ሪቻርድ ፕራይስ ነው። ፕራይስ የሟች ወዳጁን የቶማስ ቤይዝን የዕድል ስሌት ለኅትመት ያበቃ የሃይማኖት ሰባኪ ነበር። ከተጠቀመባቸው ምሳሌዎች አንዱ ሎተሪ ነው፤ በቁጥር እናስቀምጠው። 100,000 ቁጥሮች ያሉት ሎተሪ ወጣ እንበል። ከ100 ዘገባው 99ኙ ትክክል የሆነ ጋዜጣ «የወጣው 48,213 ነው» ብሎ ጻፈ። ያ ቁጥር የመውጣቱ ዕድል አስቀድሞ ከ100,000 አንድ ብቻ ነበር፤ ጋዜጣው የመሳሳቱ ዕድል ግን ከ100 አንድ ነው። ሁለቱን ብቻ በሚዛን ካስቀመጥን ጋዜጣውን ማመን ሞኝነት ይሆናል። ነገር ግን ሁላችንም እናምነዋለን፣ ማመናችንም ትክክል ነው። ጋዜጣው ቢሳሳት ሊጽፋቸው የሚችላቸው የተሳሳቱ ቁጥሮች ብዙ ናቸውና፣ በስሕተት ይህንኑ ቁጥር የመጥራቱ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ሲሰላ ዘገባው እውነት የመሆኑ ዕድል ከ100 99 ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ «ነገሩ እምብዛም የማይሆን ነው» የሚለው ብቻውን ምስክርን አይጥልም።

የእኛ ሰዎች ግን እዚህ ላይ ቸኩለው «በሂሳብ ትንሣኤ ተረጋገጠ» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፣ ልጆቹም ወዲያው ይነቁበታል። የሎተሪ ጋዜጣ ሲሳሳት በየትኛውም ቁጥር ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ተአምር ፈጥሮ የሚያወራ ሰው ግን ሰሚ የሚወደውን መርጦ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ስሌቱ መንገድ ይከፍታል እንጂ አያደርስም። ከዚያ በኋላ ምስክሮቹን አንድ በአንድ መመርመር ግድ ነው። ምን አተረፉ? ሊሳሳቱ ይችሉ ነበርን? እርስ በርሳቸው ተማክረዋልን? ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ጌታ ከአምስት መቶ ለሚበዙ ወንድሞች እንደታየ ጽፎ ብዙዎቹ እስከ አሁን አሉ የሚለው «ሄዳችሁ ጠይቋቸው» ማለቱ ነው። መመርመርን የሚፈራ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ስለ ሂዩም አንድ መራራ ነገር መናገር አለብኝ። በክርክሩ ሁለተኛ ክፍል የሰው ልጅ አስደናቂ ነገር መስማትና ማውራት እንደሚወድ፣ ሃይማኖተኛም ለጥሩ ዓላማ ብሎ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን እንኳ እንደሚያሠራጭ ይከሳል። ወገኖቼ፣ በዚህ ክስ ነጻ ነን? «ሥዕሉ አለቀሰ፣ ሰማይ ላይ መስቀል ታየ» የሚል ቪዲዮ ሲደርሰን ማን ቀረጸው፣ የትና መቼ ብለን ሳንጠይቅ ለ20 ሰው እንልካለን። በማግስቱ በኮምፒውተር የተቀናበረ መሆኑ ሲታወቅ ማስተባበያ የሚልክ የለም። በዚህ ሥራችን የጌታን ትንሣኤ የመሰከሩትን ሐዋርያት ከሐሰተኞች ተርታ እናሰልፋቸዋለን። ልጁ «ያኛው ውሸት ከነበረ ይኼኛውስ?» ቢል ጥያቄውን የዘራነው እኛ ነን። ቅዱስ ዮሐንስ «መንፈስን ሁሉ አትመኑ፤ ነገር ግን መርምሩ» ብሎ ያዘዘው አማኞችን ነው።

ፕራይስ በተቃዋሚው ላይ ክፉ ቃል አልተናገረም። ሂዩምም ስለ ጨዋነቱ አመስግኖ ደብዳቤ ጻፈለት፤ መከራከሪያውም አዲስና ብልሃት ያለበት መሆኑን አልካደም። ከፕራይስ በፊት በ1762 መልስ የጻፈለትን ጆርጅ ካምፕቤልንም በአክብሮት ነው ያነጋገረው። ሂዩም በዚህ አመነ አልልም። ነገር ግን ክርክሩ በተከበረበት ቦታ ሁሉ ጥያቄው በሙሉ ተሰማ፣ መልሱም በሙሉ ተነበበ። በ1763 ግን ፒተር አኔት የተባለ ሌላ ተቃዋሚ፣ 70 ዓመት ገደማ ሽማግሌ፣ በአደባባይ አንገቱን በእንጨት ተይዞ እንዲቆምና ከባድ ሥራ እንዲሠራ ተፈረደበት። ክርክሩ በዚያ አልተዘጋም፤ ያየው ሕዝብ ግን ቤተ ክርስቲያን መልስ ያጣች መሰለው። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ እንድንሰጥ ሲያዝ «በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» ያለውን ግማሽ ቆርጦ መጣል የሚያስከትለው ይህ ነው።

ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን አንድ ነገር ልለምን። ጠያቂ ሲመጣ ጥያቄውን በራሱ ቃል ጻፉት፤ ጽፋችሁም «እንዲህ ነው ያልከው?» ብላችሁ አንብቡለት። የማታውቁት ከሆነ በዚያው ቀን መልስ አትፍጠሩ፤ ከመምህራን ጠይቃችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ተመለሱ። እስከዚያ ድረስ ልጁ በመዝሙሩም፣ በጸሎቱም፣ በዝክሩም ቦታው ይጠበቅለት። ባለፈው ዓመት ጠይቆ የቀረ ካለም ስልኩ በመዝገባችሁ ላይ አለ፤ ደውሉለት፣ ጥያቄውንም እንደገና እንዲነግራችሁ ጠይቁት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።