ሥራ ማጣትና የቤት ውስጥ ጥቃት፦ «አባባሽ ምክንያት» ምንድን ነው?

ጎረቤታችን ነበር። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥቁር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከኮንዶሚኒየማችን ይወጣል። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሥራ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «ተመስገን» ይለኛል። ለካ ከሥራ ከተቀነሰ ሁለት ወር አልፎታል። ለሚስቱም አልነገራትም።

ነገሩ የወጣው ሱቅ ውስጥ ነው። እነሱም እንደ ብዙዎቻችን በዱቤ ደብተር ነበር የሚወስዱት። አንድ ቀን ዘይት ልትወስድ ስትሄድ ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ አሳያት። ሁለት ወር ሙሉ የተከፈለ ነገር የለም። ከኋላዋ ሰው ቆሞ ነበር። ቤት ገብታ «ምንድን ነው ይሄ?» አለችው። ያን ማታ በግድግዳው በኩል ሰማን። መጀመሪያ የወንበር ድምፅ፣ ቀጥሎ የእሷ፣ ከዚያ የልጃቸው ለቅሶ። በማግስቱ ዓይኗ ሥር አብጦ አየኋት። «የቁም ሳጥኑ በር መታኝ» አለችኝ። እንዳይታወቁ ብዬ አንዳንድ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፤ ደብተሩና የቁም ሳጥኑ በር ግን እንዳለ ነው።

የሕንፃው ሰው ወሬውን ሲሰማ ብዙዎቹ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «ምን ያድርግ፣ ሥራ ፈትቶ እኮ ነው።» ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ አባባል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሴቶችን ይገድላል።

የጤና ባለሙያዎች «ምክንያት» እና «አባባሽ ምክንያት» የሚሏቸው ነገሮች ይለያያሉ። ነፋስ እሳት አይለኩስም። የተለኮሰውን ግን ጎረቤት ድረስ ያደርሰዋል። ሥራ ማጣት በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ እንደዚህ ነፋስ ነው። ኃይሉ ከባድ ነው፣ ሊናቅም አይገባም። ግን እሳቱ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሥራቸውን አጥተው ሚስታቸው ላይ እጃቸውን አንስተው የማያውቁ ወንዶች ሞልተዋል። ጥሩ ደመወዝ እየበሉ የሚደበድቡም ሞልተዋል። ያ ጎረቤታችን ደግሞ ባለሱቁን አልመታም። የቀነሰውንም አለቃ አልመታም። ሁለት ወር ሙሉ ንዴቱን ለውጭ ሰው «ተመስገን» እያለ ደብቆት ነበር። ራሱን መግዛት የሚችል ሰው ነው ማለት ነው። ያልገዛው ቤት ሲገባ ብቻ ነው።

ታዲያ እሳቱ ምንድን ነው? እኔ እንደማምነው «ወንድ ማለት ገንዘብ የሚያመጣ ነው፤ የሚያመጣ ደግሞ ይታዘዝለታል» የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት በአየር ላይ የተንሳፈፈ አልነበረም፤ ሕግ ሆኖ ተጽፎ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ላይ ባል የቤተሰቡ ራስ እንደሆነ፣ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግግ ነበር። በፌዴራል ደረጃ ይህን የቀየረው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ባልና ሚስት ቤተሰቡን በማስተዳደር እኩል መብት አላቸው አለ። ስለዚህ ዛሬ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ያደገው በአሮጌው ሕግ ዘመን ነው። «ሴትና አህያ በዱላ» የሚለውንም እየሰማ ነው ያደገው። ሕጉ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ተረቱ ግን አይሻርም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ባል ሚስቱን ሊመታ የሚችልበት ምክንያት አለ ወይ ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ምግብ ስታሳርር፣ ስትከራከረው፣ ሳትነግረው ስትወጣ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ከሴቶቹ 63 በመቶ ቢያንስ በአንዱ ተስማሙ። ከወንዶቹ 28 በመቶ። ሴቶቹ ይበልጣሉ። መጀመሪያ ሳየው ቁጥሩ ተገልብጦ የታተመ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን «የቁም ሳጥኑ በር መታኝ» የሚለው መልስ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በዚሁ ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ሲሶ ያህሉ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ሥራ ማጣት ሲገባ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ የሚመጣው ውርደት ነው። ገንዘብ የማምጣትን ነገር ከወንድነት ጋር አጣብቆ የያዘ ሰው ደመወዙ ሲቆም የሚቆመው ደመወዙ ብቻ አይደለም። ያኔ ተራ ጥያቄ ሁሉ ስድብ ይሆንበታል። «የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ» ስትለው «አንተ ምን ዋጋ አለህ» ያለችው ይመስለዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ዝም ለማሰኘት ጠያቂዋን ዝም ያሰኛል። ብዙ ሴቶች ድብደባው የጀመረው አስቤዛ በጠየቁበት ቀን እንደሆነ የሚናገሩት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጊዜ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ሥራ የሌለው ሰው ቤት ይውላል። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀድሞ ባልና ሚስት በቀን የሚገናኙት ለጥቂት ሰዓት ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ናቸው። መጠጥና ጫት ሲጨመርበት፣ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት፣ አከራይ በየወሩ ሲያንኳኳ ደግሞ ይብሳል።

ብራዚል ውስጥ በጅምላ ከሥራ የተቀነሱ ሰዎችን የፍርድ ቤት መዝገብ የተከታተሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነው ያገኙት። ወንዱ ሥራ ሲያጣም ሴቷ ስታጣም የቤት ውስጥ ጥቃት በጣም ይጨምራል። ምክንያት ያሉት ሁለት ነው፤ ገቢ መቋረጡና አብሮ የሚውሉበት ሰዓት መርዘሙ። የሚገርመው ሌላው ውጤታቸው ነው። ሥራ ለፈታ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ክፍያ እየተከፈለ እያለ ጥቃቱን አልቀነሰም፤ ክፍያው ሲያበቃ ደግሞ አደጋው ጨመረ። ገንዘቡ ቢመጣም ሰውየው ቤት ነው የሚውለው።

በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። የወንዶች ሥራ አጥነት ሲጨምር ጥቃቱ ቀንሷል፣ የሴቶች ሲጨምር ጥቃቱ ጨምሯል። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ቀላል ነው። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ ብሎ የሚሰጋ ወንድ ሚስቱ ትታው እንዳትሄድ ይጠነቀቃል። ይህ የሚሠራው ግን እሷ መሄድ የምትችል ከሆነ ነው። የራሷ ገቢ የሌላት ሴት የት ትሄዳለች? እሱም ይህን ያውቃል።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ጥቃት ስናወራ ሁልጊዜ የምናስበው ሥራ ያጣውን ባል ነው። የሚስቲቱን ሥራ ማጣት እንረሳዋለን። ሐዋሳን አስቡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የሥራው ጉልበት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ከአካባቢው ገጠር የመጡ ናቸው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ስታግድ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው፣ ያለ ቀረጥ የሚሸጡበት ገበያ ተዘጋ። ከዚያ በፊትም አንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ፋብሪካውን ዘግቶ ሊወጣ መሆኑን አሳውቆ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራቸውን አጡ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ለቤት ኪራይና ለምግብ እንኳን የማይበቃቸው ነበሩ። ግን በራሷ ስም የሚገባ ገንዘብ ነበር። ያ ገንዘብ ሲቀር የምትመለሰው ወደ ማን ቤት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ለሴት ሥራ መስጠት ብቻውን ይበቃል እያልኩ አይደለም። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ27 ትላልቅ ድርጅቶች ጋር ሆነው ለሥራ ካመለከቱ ሴቶች መካከል በዕጣ ቀጥረው አይተዋል። የተቀጠሩት ገቢያቸው ጨመረ። የቤት ውስጥ ጥቃቱ ግን አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። ሴት ሥራ ከያዘች ባል ይናደዳል፣ ትዳር ይፈርሳል የሚለው ስጋት አልታየም። በሥራ ብቻ ከዱላ ትድናለች የሚለው ተስፋም እንደዚያው።

የተሻለ ነገር የታየው ቡና ላይ ነው። በጉራጌ ዞን 64 መንደሮች ውስጥ በተካሄደ ጥናት ሰዎች ቡና እየተፈላ በተከታታይ ተሰብስበው ስለ ትዳር፣ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ወንድና ሴት ድርሻ፣ ስለ ጠብ አያያዝ ተወያዩ። አንዳንድ መንደር ሴቶች ብቻ፣ አንዳንዱ ወንዶች ብቻ፣ አንዳንዱ ባልና ሚስት አብረው። ወንዶቹ በተሳተፉበት በኩል ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ታየ። ምክር ሁልጊዜ ለሴቷ ነው የሚሰጠው፤ ታገሺ፣ ቻይው፣ አትመልሺለት። ለውጥ የመጣው ወንዶቹ ሲቀመጡ ነው። ሽማግሌዎቻችን፣ የንስሐ አባቶች፣ ኢማሞች፣ የእድር ዳኞች ይህን ቢሰሙልኝ ደስ ይለኛል። አንድ ሰው ሥራ ፈታ ሲባል ቤቱ ሄዶ «እንዴት ነህ፣ ቤት እንዴት ይዞሃል?» የሚለው ወንድ ያስፈልጋል። ከውጭ ከመጠጥ ጓደኛ በስተቀር ማንም አይጠይቀውምና።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ገንዘብ ከማጣት የሚመጣ ተስፋ መቁረጥ አንዳንዴ ከድብደባ ያልፋል። በ11 የአሜሪካ ከተሞች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በባላቸው ወይም በጓደኛቸው የተገደሉ ሴቶችን ከሚደበደቡ ግን በሕይወት ካሉ ሴቶች ጋር አነጻጽሯል። ሥራ የሌለው ደብዳቢ ሴቷን የመግደል አደጋው ሥራ ካለው ደብዳቢ አራት እጥፍ ነበር። ልብ በሉ፤ የተነጻጸሩት ቀድሞም የሚመቱት ናቸው። ነፋሱ እሳቱን ሲያገኘው ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ንግግሮች ቀልድ ተብለው መታለፍ የለባቸውም። «እኔ ከሞትኩ እናንተንም ይዤ ነው የምሄደው» ያለ ሰው አለ? «ልጆቼን ለማንም አልተውም» እያለ ስለ ሞት የሚያወራ? ዕዳ ሸፍኖ፣ ዕቃ ሸጦ፣ ድንገት ዝም ያለ? አንገት ማነቅ የጀመረ? ይህ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፣ ሐኪም ያስፈልገዋል። ግን በዚያው ጊዜ ሴቷና ልጆቹ ከአጠገቡ መራቅ አለባቸው። ለእሱ ማዘንና እነሱን ማሸሽ አይጋጩም። ደግሞ ከሁሉ የሚያሰጋው እሷ ልትሄድ ስትነሳ ያለው ጊዜ ነው። «ለምን ትታው አትሄድም?» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነበር። መውጫውን ለእሱ ሳይነግሩ፣ ሰው ይዞ፣ ቀን ተመርጦ ነው የሚወጣው።

ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ብሎታል። ሥራ መፍታት ይህን አያነሳም። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል መጠየቅ ይቻላል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠለያ አለው። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሕክምናውንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚጨርሱበት ማዕከል አለ። ከቤት ሲወጣ መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የተወሰነ ብር፣ የሚታመን ሰው ስልክ ቁጥር መያዝ ብዙ ጣጣ ያድናል። ለባልየውም አንድ ነገር፦ ከሥራ የተቀነሰ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያ ሊኖረው ይችላልና ውሉን ይዞ ይጠይቅ። ብዙዎች ስለሚያፍሩ ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

ያ ጎረቤታችን ከስድስት ወር በኋላ ሥራ አገኘ። እንደ ድሮው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። የዱቤው ደብተር ተከፈለ። የወንበር ድምፅ አንሰማም። ሰዉ «ይኸው፣ ሥራ ሲያገኝ ተስተካከለ» አለ። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ አስቤ ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቡና ጠርቻት መጣች። ሲኒውን ሳትጨርስ ስልኳ ጠራ። የት እንደሆነች፣ ከማን ጋር እንደሆነች፣ መቼ እንደምትመለስ ነገረችው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ጠራ።

ሥራ ባጣ ሰሞን አንድ ፌስታል አስቀምጪልኝ ብላኝ ነበር። የልጇ የልደት ካርድ፣ መታወቂያዋ፣ የባንክ ደብተሯና ሁለት ሺህ ብር አለበት። የዚያን ቅዳሜ ስትነሳ «ልስጥሽ?» አልኳት። በሩ ጋ ቆመች። «ይቆይልኝ» አለች።