የቁልቁለት ወጀብ ምንድን ነው? ከሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ሥር በብርድ ወራት የሚነሣው ነፋስ

የቁልቁለት ወጀብ የሚባለው፣ የተራራ ሰንሰለትን አቋርጦ የሚያልፍ አየር ከጫፉ ማዶ ወደ ሸለቆው ሲወርድ በወረደ መጠን ፍጥነት እየጨመረ፣ መሬት ሲደርስ በተራራው አናት ላይ ከነበረው ነፋስ የማይተናነስ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ ኃይል ይዞ የሚነፍስበት ክስተት ነው። ተራራ ባለበት አገር ሁሉ በየመጠኑ ይታያል። አመጣጡንና ጉዳቱን ጥርት አድርጎ ከሚያሳዩት ቦታዎች አንዱ ግን የካሊፎርኒያን ምሥራቃዊ ክፍል ከኔቫዳ ጋር የሚያዋስነው ተራራማ በረሃ ነው።

የዚህ አካባቢ አቀማመጥ ለነፋስ የተመቸ ነው። የሲየራ ኔቫዳ ሰንሰለት በምዕራብ በኩል ቀስ እያለ ከፍ ይልና በምሥራቅ በኩል በድንገት ይቆረጣል። የሰንሰለቱ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው የዊትኒ ተራራ 4,421 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ከሥሩ በኦወንስ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው ሎን ፓይን የተባለች ትንሽ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,136 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ከሸለቆው ወዲያ ደግሞ የኢንዮ ተራሮች፣ ከእነርሱ ቀጥሎ የፓናሚንት ሰንሰለት፣ ከዚያም ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር የሚወርደው የሞት ሸለቆ ይከተላሉ። አየሩ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ እነዚህን ግድግዳዎች አንድ በአንድ ወጥቶ መውረድ ይኖርበታል።

ከኖቬምበር እስከ አፕሪል ባሉት ወራት ከውቅያኖሱ የሚመጡ የዝናብና የበረዶ ማዕበሎች እርጥበታቸውን የሚያራግፉት በምዕራቡ ፊትና በአናቱ ላይ ነው። በአናቱ አቅራቢያ በሚገኘው የማሞዝ ተራራ ላይ በአማካይ በአንድ ወቅት ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ በረዶ ይወርዳል፤ በኦወንስ ሸለቆ ውስጥ ያለችው የቢሾፕ ከተማ ግን ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 130 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የማዕበል ትንበያ ሲወጣ የብዙ ሰው ዐይን የሚያርፈው በበረዶው መጠን ላይ ነው፤ ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ የትኛው መተላለፊያ እንደሚዘጋ፣ ጎማ ላይ ሰንሰለት ማሰር የግድ የሚሆነው የት እንደሆነ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በበረሃው በኩል ላለ ሰው ያው ማዕበል የሚደርሰው በአመዛኙ በነፋስነቱ ነው፤ የሚደርሰውም በረዶው ከመጀመሩ በፊት፣ ብዙ ጊዜም ከራስ በላይ ያለው ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ነው። እንደ እኔ እምነት ስለዚህ አካባቢ የብርድ ወራት አደጋ ሲነገር በቅድሚያ መነገር ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰዎችን የሚያዘናጋቸው የዝናቡ መቅረት ራሱ ነው።

አየሩ ቁልቁል ሲወርድ ለምን እንደሚፈጥን ለመረዳት በወንዝ ውስጥ የተኛን ትልቅ ድንጋይ መመልከት ይጠቅማል። ውኃው ድንጋዩ ላይ ሲወጣ ዝግ ይላል፤ ጫፉን እንዳለፈ ይሳሳና በከፍተኛ ፍጥነት ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ከግርጌው ጥቂት እልፍ ብሎ ደግሞ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ወደ ላይ ይዘላል። በተራራው ላይ የሚያልፈው አየርም የሚያደርገው ከዚህ ጋር እጅግ የሚመሳሰል ነው፤ የውኃውን የላይኛ ገጽ ቦታ የሚተካለት ከተራራው ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚገኝ የተረጋጋ የአየር ንጣፍ ነው። በዚህ ንጣፍ ውስጥ ከታች ያለው አየር ቀዝቃዛና ከባድ፣ ከላይ ያለው በአንጻሩ ሞቃትና ቀላል ስለሆነ፣ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋ አየር ንጣፉን ሰብሮ ከመውጣት ይልቅ በንጣፉና በተራራው ጫፍ መካከል ተጨምቆ ያልፋል። ከጫፉ ወዲያ ሲደርስ ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፤ በተራራው ጎን ላይ እንደ ቀጭን ሽፋን ተዘርግቶ እየፈጠነ ይወርዳል።

ስለዚህ ትንበያ ባለሙያዎች ከሁሉ በፊት የሚያዩት ሦስት ነገሮችን ነው። አንደኛው የነፋሱ አቅጣጫ ነው፤ ሰንሰለቱ ከሰሜን ሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋ በመሆኑ ከምዕራብ ወይም ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ነፋስ ፊት ለፊት ይመታዋል። ሁለተኛው በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታና ከዚያ በላይ ያለው የነፋስ ፍጥነት ነው። ሦስተኛው የተረጋጋው ንጣፍ መኖሩና የሚገኝበት ከፍታ ነው። ሁለቱ ተሟልተው ሦስተኛው ሲጎድል አናቱ ላይ ብርቱ ነፋስ እየነፈሰ ሸለቆው ጸጥ ብሎ ሊውል ይችላል። ትንበያውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አየሩ ሲወርድ ይሞቃልም። እርጥበቱን በምዕራቡ በኩል ጥሎ የመጣ ደረቅ አየር በወረደ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ ሙቀት ስለሚጨምር፣ ሸለቆው ሲደርስ ለወቅቱ እንግዳ የሆነ ሙቀትና ድርቀት ይዞ ይገኛል። ደመናዎች ከአናቱ ወደ ሸለቆው በኩል ሲሻገሩ የሚተኑትም በዚህ የተነሣ ነው። ከሸለቆው ሆኖ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው በተራሮቹ ጫፍ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ፣ ሰዓታት ቢያልፉም ከቦታው የማይነቃነቅ የደመና ግድግዳ፣ ከዚያ ወዲህ የጠራ ሰማይ፣ ከራሱ በላይ ደግሞ ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ ሞላላና የተነባበሩ ደመናዎች ያያል። እነዚህ ደመናዎች ዝም ብለው የቆሙ ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ግን አየሩ ያለ ማቋረጥ በከፍተኛ ፍጥነት እየገባ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሰማይ ያየ መንገደኛ ነፋሱ ገና መሬት ባይነካም ከላይ ሥራውን እንደጀመረ ማወቅ ይችላል።

ቁልቁል የወረደው አየር ከሸለቆው ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ በሚዘልበት ቦታ ሮተር የሚባል አግድም የሚሽከረከር የአየር ጥቅል ይፈጠራል። በ1951 እና በ1952 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከቢሾፕ እየተነሡ ሞተር በሌላቸው አውሮፕላኖች ይህን የአየር ሞገድ አጥንተዋል። በ1955 በተደረገው ተከታይ ጥናት አንድ አውሮፕላን በሮተር ውስጥ ተሰባብሮ አብራሪው በጃንጥላ ወርዶ ሕይወቱ ተርፏል። ሞገዱ ወደ ላይ ያለው ኃይልም የዚያኑ ያህል ነው፤ በፌብሩዋሪ 1961 ፖል ቢክል የተባለ አብራሪ ሞተር በሌለው አውሮፕላን በደቡብ ካሊፎርኒያ በተመሳሳይ ሞገድ ተሸክሞ 14,102 ሜትር ከፍታ ደርሷል። በ2006 ደግሞ የኦወንስ ሸለቆ በራዳር፣ በሌዘር መሣሪያዎችና በምርምር አውሮፕላኖች ለሁለት ወራት ተጠንቷል።

ነፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ቀዝቃዛው የአየር ግንባር፣ ማለትም ከማዕበሉ ጋር የሚገፋው የቀዝቃዛ አየር ፊት፣ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ከአናቱ በላይ ያለው ነፋስ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የተረጋጋው ንጣፍም በቦታው ነው። በሸለቆው ወለል ላይ ግን ሌሊቱን የተከማቸ ቀዝቃዛ አየር ተኝቶ ይቆያል። ይህ አየር ከባድ ስለሆነ ከላይ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ ወዲያው ሊገፋው አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ላይ በመኪና መስተዋት ላይ ውርጭ ተጋግሮ፣ ከቤቶች የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲሄድ ይታያል፤ በዚያው ሰዓት ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ፣ በተራራው ግርጌ ዳገት ላይ ያሉ ቁጥቋጦዎች መሬት ለመሬት ተለጥፈዋል። ፀሐይ ወለሉን ስታሞቀው ቀዝቃዛው አየር ይሳሳል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ከምዕራብ በኩል የአቧራ መስመር ይታያል፤ መስመሩ በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ነፋሱም ከምንም ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቀስ በቀስ እየበረታ የሚሄድ ነፋስን የለመደ ሰው እንዲህ ላለው አመጣጥ ዝግጁ አይሆንም።

በሸለቆው ውስጥ የሚያልፈው 395 ቁጥር አውራ ጎዳና በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ስለሆነ ከምዕራብ የሚወርደው ነፋስ መኪናዎችን የሚያገኛቸው በጎናቸው ነው። ነፋስ የሚያሳድረው ጫና ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ ባለው የአየር ክብደት ሲሰላ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 40 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል፤ በሰዓት 130 ሲደርስ ጫናው ወደ 80 ያድጋል። ጎኑ ከ40 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ የረጅም ጭነት መኪና ተሳቢ በዚህ ስሌት ከ3 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይገፋል ማለት ነው። በሸለቆው ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቁጥሩ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የሚያስከትለው ነገር ግን አይለወጥም። ግፊቱ የሚወሰነው በጎኑ ስፋት እንጂ በክብደቱ ስላልሆነ ባዶውን የሚሄድ ተሳቢ ከተጫነው ይልቅ በቀላሉ ይገለበጣል። ከመኪና ጀርባ የሚጎተቱ የመኝታ ተሳቢዎችም ቁመታቸው ረጅም፣ ክብደታቸው ቀላል ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ የተጋለጡ ናቸው።

ነፋሱ የበረሃውን ወለልም ያነሣዋል። ወደ ኦወንስ ሐይቅ ይገባ የነበረው ውኃ ከ1913 ጀምሮ በቦይ ወደ ሎስ አንጀለስ እየተወሰደ ሐይቁ ስለደረቀ፣ ጨው የተቀላቀለበት ወለሉ ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ውስጥ ትልቁ ነጠላ የደቃቅ አቧራ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ወለሉን በውኃ በማርጠብ፣ በጠጠርና በዕፅዋት በመሸፈን አቧራው በእጅጉ ቀንሷል፤ ብርቱ ነፋስ በሚነሣበት ቀን ግን ሸለቆው አሁንም ነጭ ጉም የዋጠው መስሎ ይታያል። ነፋሱ ውኃንም ያንቀሳቅሳል። በ2024 መጀመሪያ በሞት ሸለቆ ውስጥ ከከባድ ዝናብ የተጠራቀመው ጊዜያዊ ሐይቅ፣ ከፌብሩዋሪ 29 እስከ ማርች 2 በሰዓት እስከ 64 ኪሎ ሜትር በነፈሰ ነፋስ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተገፍቷል።

ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን በብርድ ወራት የሚነሣው እሳት ይመስለኛል። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2015 ከቢሾፕ በስተ ሰሜን የተነሣው እሳት፣ ማዕበሉን ቀድሞ በመጣ የቁልቁለት ነፋስ እየተነዳ ስዋል ሜዶውስና ፓራዳይዝ የተባሉ መንደሮችን መታ፤ 40 ያህል ቤቶችም ወደሙ። ኖቬምበር 17 ቀን 2020 ደግሞ በሞኖ አውራጃ በምትገኘው ዎከር መንደር በተመሳሳይ ነፋስ የተስፋፋ እሳት በርካታ ቤቶችን አቃጥሎ የአንድ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። በሁለቱም ጊዜ እሳቱን ለማጥፋት የረዳው ያው ማዕበል በኋላ ያመጣው ዝናብና በረዶ ነበር። ለእነዚያ መንደሮች የነፋሱና የዝናቡ አመጣጥ ቅደም ተከተል ከዝናቡ መጠን የበለጠ ወሳኝ ሆኖባቸዋል። ነፋሱ የኤሌክትሪክ መስመሮችን የሚያማታውና ዛፎችን የሚጥለው፣ እሳት ለማጥፊያ የሚላኩ አውሮፕላኖችንም ከመብረር የሚያግደው በእነዚያው ሰዓታት ነው።

በተራሮቹ አናት ላይ ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እዚያ ነፋሱ የወደቀውን በረዶ ከምዕራቡ ፊት ጠርጎ በምሥራቁ ገደል አፍ ላይ ይከምረዋል፤ ይህ ጠንካራ ንጣፍ ከሥሩ ባለው ላላ በረዶ ላይ ሲቀመጥ ለናዳ የተዘጋጀ ይሆናል። አዲስ በረዶ ባይወርድም ነፋስ ብቻውን ይህን አደጋ ሊፈጥር ይችላል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ለኦወንስና ለሞት ሸለቆ ትንበያ የሚያወጣው ከላስ ቬጋስ፣ ለሞኖ አውራጃ ደግሞ ከሪኖ ጽሕፈት ቤቱ ነው። የብርቱ ነፋስ ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው የሚታወጀው ነፋሱ ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር እንደሚነፍስ፣ ወይም ለአፍታ የሚበረታው ነፋስ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ሲጠበቅ ነው። ከዚህ ዝቅ ላለው ማሳሰቢያ፣ ቀደም ብሎ ለሚታሰበውና ገና ላልተረጋገጠው ደግሞ ቅድመ ማንቂያ ይወጣል። ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ ሁለት ነገሮችን ቢፈልግ ይበጀዋል፤ ነፋሱ የሚበረታባቸውን ሰዓታትና የተጠቀሱትን የተራራ ግርጌዎች። ለአንድ ሸለቆ የወጣ ማስጠንቀቂያ በሸለቆው ሁሉ እኩል ነፋስ ይኖራል ማለት አይደለምና።

ከፍተኛ ተሳቢ የሚያሽከረክር ሰው በእነዚያ ሰዓታት ጉዞውን ማዘግየት ወይም ከተማ ውስጥ በሕንፃ ከለላ ማቆም አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ለዚህ ግማሽ ቀን ይበቃል። በመንገድ ላይ አቧራ ዕይታን ከጋረደ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መቆም፣ መብራቶችን ሁሉ ማጥፋትና እግርን ከፍሬን ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ የቆመውን መኪና የኋላ መብራት በመንገዱ ላይ የሚሄድ መኪና መብራት አድርጎ ሊከተለው ይችላልና። በሣርና በቁጥቋጦ መካከል የሚኖር ሰው ደግሞ በእንዲህ ያለ ቀን ምንም ዓይነት እሳት ከቤት ውጭ ሊለኩስ አይገባም፤ ለሌሊቱ በረዶ ተተንብዮ ቢሆን እንኳ።