ቤርዠራክ አርፈው ለሚዞሩ፦ ስለ ወይን እርሻዎቹና ስለ ከተሞቹ የሚባለውና እውነታው

ሥራዬ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዶርዶኝ ወንዝ ዳር ባለችው በቤርዠራክና በዙሪያዋ እንግዳ ማስጎብኘት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ከአውሮፓም ከአሜሪካም የሚመጡ ወገኖቼ የገጠር ቤት ተከራይተው ይደውሉልኛል። ብዙዎቹ የሚጀምሩት እንዲህ ብለው ነው፦ «ሞንባዚያክ ስኳር የተጨመረበት ወይን ስለሆነ ይቅርብን፤ ሳንት ኤሚሊዮን ውሰደን።»

ይሄን መስማት ሰልችቶኛል። ወይኑ ስሙን ያገኘበት ሞንባዚያክ ከቤርዠራክ ወደ ደቡብ ቀና ሲሉ የሚታየው ኮረብታ ነው፤ በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሰው እሱን ትቶ በወይኗ ወደታወቀችው ወደ ሳንት ኤሚሊዮን ከተማ አንድ ሰዓት ገደማ የሚነዳው በአንድ የተሳሳተ ወሬ ምክንያት ነው።

የወይኑ ጣፋጭነት የሚመጣው ከራሱ ከፍሬው ነው። በመከር ወራት ጠዋት ጠዋት ሸለቆው በጉም ይሸፈናል፤ ከሰዓት ፀሐይ ወጥታ እርጥበቱን ታደርቀዋለች። በዚህ መፈራረቅ ቦትራይተስ የሚባለው ሻጋታ ፍሬው ላይ ይወጣና ልጣጩን ይበሳሳዋል። ውሃው ሲተን ስኳሩ ውስጡ ይቀራል። ጭማቂው ሲፈላ እርሾው ያን ሁሉ ስኳር መጨረስ ያቅተዋል፤ ጣፋጭ ሆኖ የሚቀረውም ለዚህ ነው። ሻጋታው ዘለላውን ሁሉ እኩል ስለማይዝ ለቃሚዎቹ የደረሰውን ብቻ እየመረጡ ያንኑ ረድፍ ደጋግመው ይመለሱበታል። ለቀማው በእጅ ነው፤ በማሽን መልቀም ክልክል ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት «ስኳር ተከልክያለሁ፣ እኔ አልቀምስም» ብለው አንድ ወይን እርሻ በር ላይ ቀሩ። ስለ ጤናቸው ልክ ነበሩ፤ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሰው ባይጠጣው ይሻላል። «ከፋብሪካ የመጣ ስኳር ነው» ማለታቸውን ግን ባለእርሻው ሊያልፈው አልቻለም። ከረድፉ አንድ ዘለላ ቆርጦ አመጣላቸው፤ ግማሹ ፍሬ ወርቅማ፣ ግማሹ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ የተጨማደደና ግራጫ አቧራ የለበሰ። «ይሄ የተበላሸ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። አንዷን ፍሬ ብቻ ቀመሱና «ልጄ፣ ይሄማ ማር ነው!» ብለው ለልጆቻቸው ያዞሩ ጀመር።

ሞንባዚያክን የምትሞክሩ በደንብ አቀዝቅዙት። ከኬክ ጋር ሳይሆን ሮክፎርን ከመሰለ ጨዋማ አይብ ጋር ቅመሱት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የሞንባዚያክ ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው፤ ከግቢው ሸለቆው በሙሉ ይታያል።

ሳንት ኤሚሊዮንም ቢሆን ከወይኑ ይልቅ ለሐበሻ ትልቁ ነገሩ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ነው። «እንደ ላሊበላ ነው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያው ተፈልፍሎ ራሱን ችሎ የቆመ ነው። ይሄኛው ግን ገደሉ ውስጥ የተቆፈረ ነው፤ ከላይ ጎልቶ የሚታየው የደወሉ ማማ ነው። ያለ አስጎብኚ ስለማያስገቡ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

«ገጠር ስለሆነ በፈለግነው ሰዓት ብንደርስ ያስተናግዱናል።» የለም። ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ በፈረንሳይ አቆጣጠር፣ ምሳ ነው፤ ብዙው በር ይዘጋል። ትንንሾቹ እርሻዎች ቤተሰብ የሚሠራባቸው ናቸው፤ የሚያስቀምሳችሁ ሰው ትራክተር ላይ ሊሆን ስለሚችል ከአንድ ቀን በፊት ደውሉ። የምግብ ገበያም የጠዋት ነው። የሳርላ ከተማ ትልቁ ገበያ ቅዳሜ፣ የኢሲዣክ መንደር እሑድ ነው፤ ቁርስ ላይ ቆይታችሁ ከእኩለ ቀን በኋላ ብትደርሱ የምታገኙት ድንኳን የሚያፈርስ የምግብ ነጋዴ ነው።

«የተቀዳልንን መትፋት ነውር ነው።» ቤታችን ቢሆን አዎ፤ ቅምሻ ላይ ግን ባለቤቱ ራሱ ይተፋል። መትፊያ ዕቃው የተቀመጠው ለዚሁ ነው። በተለይ የሚነዳው ሰው ይትፋ፤ የሕጉ ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ነው፣ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ደግሞ 0.2።

«የላስኮን ዋሻ እንገባለን።» የጥንት ሰዎች ሥዕል ያለበት ዋናው ዋሻ በፈረንጆቹ ከ1963 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የምታዩት ቅጂውን ነው፣ እሱም ሊታይ ይገባዋል።

«ሲራኖ የቤርዠራክ ልጅ ነው።» በተውኔት የታወቀው ጸሐፊው ሲራኖ ደ ቤርዠራክ እዚህ ሐውልት ቢቆምለትም የተወለደው ፓሪስ ነው።

«መኪና ከሌለ መንቀሳቀስ አይቻልም።» ከቦርዶ ተነስቶ በሳንት ኤሚሊዮንና በቤርዠራክ አልፎ ሳርላ የሚደርስ የባቡር መስመር አለ። የሳንት ኤሚሊዮን ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወይኑ መሀል ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ትሄዳላችሁ። ባቡሩ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ የመመለሻውን ሰዓት ከመውረዳችሁ በፊት እዩ።